እጅ አስታጣቢው ሐኪም

ስለ መድኃኒትና ስለ ሕክምና የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ ቅጠል የስኳር በሽታን ያድናል ይባላል፣ ሌላው ክኒን ማኅፀን ይጎዳል ይባላል። የትኛውን እንመን የሚለው ጥያቄ በስብሰባችን ላይ በተደጋጋሚ ስለሚነሳ፣ በዚህ እትም የኢግናዝ ሴመልቫይስን ሕይወት ለመተረክ መረጥን። ታሪኩ የወላድ ሴቶች ታሪክ ነው፤ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበንም ለዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴመልቫይስ ሐምሌ 1 ቀን 1818 ቡዳ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቡዳ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ካለችው ከፔሽት ጋር ኋላ ተዋህዳ የዛሬዋ ቡዳፔሽት ሆናለች። አባቱ ነጋዴ ነበር። ልጁ ሕግ እንዲማር ወደ ቪየና ተላከ፤ እሱ ግን ወደ ሕክምና ዞረና በ1844 በሐኪምነት ተመረቀ። በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል፣ የፕሮፌሰር ክላይን ረዳት ሆኖ ሥራ ጀመረ።

ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሚማሩት የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጅ ሴቶች ነበሩ። ወደዚያ የሚመጡት ብዙዎቹ ድሆችና ያላገቡ ሴቶች ናቸው፤ በነፃ ይታከማሉ፣ በምላሹም ተማሪዎች ይማሩባቸዋል። አንዱ ክፍል ዛሬ ተቀባይ ከሆነ ነገ ተራው የሌላው ነው። ምጥ የያዛት ሴት ዕለቱ የአንደኛው ክፍል ተራ መሆኑን ስትሰማ እያለቀሰች፣ ተንበርክካ፣ ወደዚያ አታግቡኝ ብላ ትለምን ነበር። በየሠፈሩ እየተወራ ሁሉም ያውቀዋልና። ታላላቆቹ ፕሮፌሰሮች ከቁም ነገር ያልቆጠሩትን ነገር ድሆቹ ሴቶች ቀድመው ደርሰውበት ነበር ማለት ነው።

ወሬው እውነት ነበር። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከ4,010 ወላዶች 459ኙ በአራስ ትኩሳት ሞቱ። በሁለተኛው ከ3,754 የሞቱት 105 ናቸው። ከመቶው ስንት እንደሆነ ብናሰላ በአንደኛው ከ11 በላይ፣ በሁለተኛው ሦስት እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሟቾቹ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም ነበር። 459 ከስንቱ? ከማን ጋር ሲነጻጸር? ደግሞስ ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው ይመሳሰላሉ ወይ? ሀብታሞቹ ወደ አንዱ፣ ድሆቹ ወደ ሌላው የሚሄዱ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ድህነት አመጣው ማለት ይቻል ነበር። የቀን ተራው ግን ሴቶቹን ደሃ ሀብታም፣ ጤነኛ ደካማ ሳይል ደባልቆ ስለሚከፍላቸው፣ ልዩነቱ የመጣው ከበር ወዲህ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ካለ ነገር መሆን ነበረበት። ዛሬ መድኃኒት የሚፈትኑ ተመራማሪዎች በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት የሚከፍሉት ለዚሁ ሲሉ ነው።

ሴመልቫይስ በዘመኑ የሚባለውን ሁሉ አንድ በአንድ አበጠረው። አየሩ ተበክሏል ይባል ነበር፤ የከተማው አየር ግን ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ነው። መጨናነቅ ነው ተባለ፤ ሴቶቹ አንደኛውን ስለሚሸሹ ይበልጥ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበር። ለሟቾች የመጨረሻውን ቁርባን ይዞ የሚያልፈው ቄስ ደወል ሴቶቹን እያስደነገጠ ይገድላቸዋል የሚሉም ነበሩ። ቄሱ ያለ ደወል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሞቱ አልቀነሰም። በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎናቸው ተኝተው ይወልዳሉ ሲባል በአንደኛውም በጎን እንዲወልዱ ተደረገ፤ አሁንም ለውጥ የለም። ይባስ ብሎ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ የወለዱት ሴቶች በትኩሳቱ እምብዛም አይያዙም ነበር። ከሐኪም እጅ ይልቅ ጎዳናው ይሻል ነበር!

መልሱ የመጣው በሐዘን ነው። በመጋቢት 1847 ወዳጁ ዶክተር ኮሌችካ አስከሬን ሲመረምር የአንድ ተማሪ ቢላ እጁን ወጋውና ሞተ። ሴመልቫይስ የምርመራውን ውጤት ሲያነብ የወዳጁ ሕመም ከአራሶቹ ሕመም ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። የአንደኛው ክፍል ሐኪሞችና ተማሪዎች ከአስከሬን ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምራሉ፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም።

በግንቦት አጋማሽ እጁን ክሎሪን ባለበት ውሃ ያልታጠበ ማንም ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። እኛ በረኪና ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። የመረጠው የአስከሬኑን ጠረን ከእጅ ስለሚያጠፋ ነበር። በሚያዝያ ከ312 ወላዶች 57 ሞተው ነበር፤ በሰኔ ከ268 የሞቱት 6 ብቻ ሆኑ።

ታዲያ ይህ በቂ ማስረጃ ነው? በእኛ አስተያየት ገና አይደለም። መታጠብ ሳይጀመር፣ በየካቲት ወር፣ ከ312 የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ። የአራስ ትኩሳት በራሱ ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ በሽታ ነበር። መድኃኒቱን ወሰድኩና ተሻለኝ የሚለው ምስክርነት የሚያታልለን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ክፉው ጊዜ ምንም ባናደርግም ሊያልፍ ይችል ነበርና። ጥርጣሬውን ያነሳው ዓመት ሙሉ ሲቆጠር ነው። በ1848 በአንደኛው ክፍል ከ3,556 ወላዶች 45 ሞቱ፤ ከመቶ 1.3 ያህል ነው፣ ከሁለተኛው ክፍል ጋር እኩል። ለዓመታት የነበረው ልዩነት ጠፋ። እኛም ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ዘገባ ይህን ያህል እናቶች ተጠቀሙ ስንል፣ ከስንቱ ብላችሁ ጠይቁን።

የገዛ ሐሳቡንም አርሟል። በጥቅምት 1847 አንዲት የማኅፀን ካንሰር ያለባት ሴት ክፍሉ ገባች። ሐኪሞቹ ሲገቡ ታጥበዋል፤ ከእሷ ወደ ሌሎቹ ሲሻገሩ ግን በክሎሪን አልታጠቡም። አብረዋት ከነበሩት 12 ሴቶች 11ዱ ሞቱ። ስለዚህ አደጋው ከአስከሬን ብቻ እንዳልሆነ ተረዳ፤ በየበሽተኛዋ መካከል መታጠብ ግዴታ ሆነ።

ጉድለቱን መደበቅ አንፈልግም። ግኝቱን በጊዜው ጽፎ አላወጣም፤ መጽሐፉ የታተመው በ1861 ነው። ፕሮፌሰር ክላይን አላመነውም። ሐኪሞችም ገዳያችሁ የገዛ እጃችሁ ነው መባሉን እንዴት በደስታ ይቀበሉ? ሥራው ሳይታደስለት ቀርቶ በ1850 ቪየናን ለቅቆ ወደ ፔሽት ተመለሰ። በዚያ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ከ933 ወላዶች የሞቱት 8 ነበሩ። ያም ቢሆን የሚሰማው ጥቂት ነበር። ለተቃዋሚዎቹ የሚጽፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎች ስድብ እየበዛባቸው ሄዱ፤ ስድቡ ሐኪሞቹን አላሳመነም፣ ይልቁንም አራቃቸው። እሱ ሲከራከር ሴቶቹ በየከተማው መሞታቸውን ቀጠሉ።

በሐምሌ 1865 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ቪየና በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነሐሴ 13 ቀን በ47 ዓመቱ ሞተ። የገደለው ቁስሉ አመርቅዞ ደሙን የመረዘው ኢንፌክሽን ነበር፤ በዕድሜው ሙሉ ሲታገለው የኖረው ዓይነት። በ1879 ፓስተር ፓሪስ ላይ የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ጀርም ሐኪሞች ፊት በሰሌዳ ስሎ አሳየ። ሴመልቫይስ የተወለደበት የቡዳ ቤት ዛሬ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ነው፤ አጽሙም እዚያው አርፏል።