ሂዮብ ሉዶልፍና አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የኢትዮጵያን ምድር ሳይረግጥ ቋንቋዎቿን ሲያጠና የኖረውን የጀርመኑን ሊቅ የሂዮብ ሉዶልፍን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዶልፍ በ1624 ኤርፈርት በተባለች የጀርመን ከተማ ተወለደ። ቋንቋ ነፍሱ ነበር፤ እስከ 25 ቋንቋ ያውቅ ነበር ይባላል። ግዕዝንም የጀመረው በወጣትነቱ ነው፤ ግን ከመጽሐፍ ብቻ። ሲነገር የት ይስማው?

በ1649 ለሌላ ጉዳይ ሮም ሄደ። እዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ የተማሩ ካህን ናቸው። ታዲያ በምን ይግባቡ? ሉዶልፍ አማርኛ አይችል፤ እሳቸው ጀርመንኛም ላቲንም አያውቁ። እየተሰባበረም ቢሆን ድልድይ የሆናቸው ግዕዝ ነው።

ይህ ነገር እዚህ ጅግጅጋ ላለነው ሠልጣኞች እንግዳ አይደለም። ሶማልኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው አንድ ዶርም እያደርን፣ ማታ ማታ አንዱ የሌላውን ቃል ሲጠይቅ፣ ሲሳሳት፣ ሲሳቅበት እናመሻለን። ተማሪውና አስተማሪው በየተራ ነው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው። ሉዶልፍም በዚያው ቤት የመስፍኑ ልጆች አስተማሪ ነበር። ስለ አገሩ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ሥርዓቱ ይጠይቃል፤ እሳቸው ይመልሳሉ፤ እሱ ይጽፋል። አማርኛንም የተማረው ከሳቸው ነው። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። ምን ያደርጋል! በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

መጻሕፍቱ የወጡት ከዚህ ወዲህ ነው። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ በኅትመት የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው በ1698። አባ ጎርጎርዮስ አንዱንም አላዩም። በኛ ግምት የሉዶልፍ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም። ስማቸውን በግልጽ ጻፈ፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍም ምስላቸውን አወጣ። ስንቱ የውጭ ተመራማሪ የነገረውን ሰው ስም ውጦ ቀርቷል!

የ1661ዱ መጽሐፍ ግን አንጀቱን አሳርሮታል። ለንደን ላይ ኅትመቱን እንዲቆጣጠር የላከው ደቀ መዝሙሩ ቫንስሌብ ያሻውን ጨምሮበት፣ ስሕተት በዝቶበት ወጣ። ሉዶልፍም ነገሩን አልተወውም። መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን ደሞ በ1702 አርሞ እንደገና አሳተመ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በ1704 ፍራንክፈርት ላይ አረፈ።