ሰብሳቢው ብላቴን ጌታ ኅሩይ

እንደሚታወቀው በክፍላችን ውስጥ «መድብል» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። የግጥም መድብል፣ የአጫጭር ልብ ወለድ መድብል እንላለን። ቃሉ ደበለ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የተለያየውን ባንድ ላይ ማድረግን ያመለክታል። ግሪኮች ደግሞ ይህንኑ ሥራ አበባ ከመልቀም ጋር አመሳስለው አንቶሎጂ አሉት። እንግዲህ ሁለቱን ስናጋጥማቸው መድብል ማለት ለቅሞ መሰብሰብ ነው። በአገራችን የኅትመት ታሪክ ይህን ሥራ ቀደም ብለው ከሠሩት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ በሸዋ፣ መርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በእንጦጦ ራጉኤል ቆይተዋል። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ ሲጭን ከተላኩት ልዑካን ጋር ለንደን ሄዱ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ይሁን እንጂ ሹመቱ ከመጻሕፍት አልለያቸውም። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። በ1910 ዓ.ም. ለልቅሶ የሚሆኑ ግጥሞችን፣ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ ሰዎችን አጭር የሕይወት ታሪክ ለመጪው ትውልድ ማስታወሻ ብለው አወጡ።

ለእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ትልቁ ሥራቸው በ1918 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ቅኔ ነው። ቅኔ የሚዘረፈው ለዕለቱ ነው። ባለቅኔው ማኅሌት ላይ ቆሞ ይቀኛል፣ የሰማው ያደንቃል፣ በቃሉ የያዘው ሰው ሲሞት ቅኔውም አብሮ ይቀበራል። ኅሩይ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ባንድ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ በጆሮ ይኖር የነበረው በዓይን የሚነበብ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለቀማ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ካለ ደግሞ የሚቀር አለ። ሰብሳቢው የተወውን ቅኔ ሌላ ሰው ካልጻፈው የት ይገኛል? ስለዚህ የመድብል አዘጋጅ እንዲያው ወረቀት አጣባቂ አይደለም፤ ነገ የሚታወሰውንና የሚረሳውን የሚለይ ዳኛ ነው። ኅሩይ ማለት የተመረጠ ማለት ነውና፣ ባለስሙ መራጭ መሆናቸው ደስ ይላል።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ተሰደዱ። በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በተባለች ከተማ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት ሳሉ አረፉ። የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ ቀሩ፤ የሰበሰቡት ግን ቀረልን።

ዛሬ ከቦሌ እስከ ኮተቤ በየግጥም ምሽቱ ስንት ግጥም ይነበባል! አጨብጭበን እንወጣለን፣ በነጋታው ማን እንዳነበበው እንኳ አናስታውስም። ታዲያ ይሄ ከዕለት ቅኔ በምን ይለያል? ስለዚህ ከእኛ መካከል ደብተር ይዞ የሚቀመጥ፣ የገጣሚውን ስምና ቀኑን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። የኅሩይ ሥራም የተጀመረው ከዚህ ነው።