ከልብስ ሰፊነት እስከ ሕግ አውጪነት

አንድሪው ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1808 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ራሌ ከተማ፣ ከድሃ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። ትምህርት ቤት ሳይገቡ በልጅነታቸው ልብስ ሰፊ ዘንድ በውል ገብተው ሙያውን ተማሩ። በ1826 ወደ ቴነሲ ግዛት ሄደው ግሪንቪል ከተማ ሰፈሩ፤ በዚያም የራሳቸውን ስፌት ቤት ከፈቱ። ጽሕፈትና ሒሳብ ያስተማሯቸው ባለቤታቸው ኤሊዛ ናቸው።

ስፌት ቤቱ ውሎ አድሮ የከተማው ሰው ስለ ሕዝብ ጉዳይ የሚወያይበት ቦታ ሆነ። ጆንሰንም በ1829 ለከተማው ምክር ቤት፣ በ1835 ለግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመረጡ። በ1837 ቢሸነፉም በ1839 ተመልሰው ገቡ። ከ1843 ጀምሮ በአገሪቱ ኮንግረስ ሲያገለግሉ፣ በ1846 ለድሃ ቤተሰብ የመንግሥት መሬት በነፃ እንዲሰጥ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ሐሳቡ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1862 በፕሬዚዳንት ሊንከን ፊርማ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት አመልካቹ እስከ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ ተቀብሎ አምስት ዓመት ኖሮበትና አልምቶት የራሱ ያደርግ ነበር።

ይሁን እንጂ ጆንሰን ቀደም ሲል ባሪያ ገዝተው ያሠሩ ነበር። በ1865 ሊንከን ተገድለው ፕሬዚዳንት ሲሆኑም፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ማረስ የጀመሩት መሬት ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረጉ። በ1868 ተከሰው በሴኔት በአንድ ድምፅ ብልጫ ከመሻር ዳኑ። በ1875 አርፈው ግሪንቪል ተቀበሩ።

ለመሬት አልባው ድሃ መሟገታቸው ሲያስመሰግናቸው፣ ያንኑ መብት ለጥቁሩ ገበሬ መንፈጋቸው እስከ ዛሬ ያስወቅሳቸዋል።