የብርሌው ባለቤት፤ እቴጌ ጣይቱ

በውጭ አገር ክሮም የተቀባ አሮጌ የኮክቴል መበጥበጫ ዕቃ እየፈለጉ የሚሰበስቡ ብዙዎች ናቸው። እኛ የሲቀላ ተማሪዎች ደግሞ ብርሌና ዋንጫ መሰብሰብ ብንጀምር፣ አስቀድመን የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ታሪክ ማወቅ ይገባናል።

እቴጌ በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ደፉ። አዲስ አበባን ስም ያወጡላት፣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ የዘመቱት እርሳቸው ናቸው። በቤተ መንግሥቱ ግብር መኳንንቱ በብርሌ፣ ወታደሩ በቀንድ ዋንጫ ጠጅ ይጠጣ ነበር።

በዚያ ዘመን እንግዳን አብልቶና አጠጥቶ ዋጋ መቀበል ነውር ነበር። እቴጌ ግን በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የመጀመሪያውን ሆቴል ከፈቱ። ንጉሠ ነገሥቱም መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ ከተመገቡ በኋላ ሒሳቡን ከፍለው አርአያ እንደሆኑ ይነገራል። ዛሬ በሲቀላ ጠጅ ቤት ለአንድ ብርሌ ሳናፍር የምንከፍለው ያ ነውር ስለቀረ ነው።

እቴጌ በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። ሆቴላቸውንም በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ጎዳው።

ብርሌ ይሰበራል፤ እንጨትም ይቃጠላል። ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ዕቃውን ስንሰበስብ ታሪኩንም ከሽማግሌዎች እየጠየቅን እንጻፍ። ባለቤቱ ያልታወቀ ብርሌ ባዶ ጠርሙስ ነው።