ቡሊድ፥ ባቡሩን ብር ያለበሰው መሐንዲስ

ብዙ ሰው የባቡር አምሳያ መሥራትን እንደ ሕፃን ጨዋታ ይቆጥረዋል። ነገር ግን አንድን ሎኮሞቲቭ ከእውነተኛው 76 ጊዜ አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ ለማቆም የተነሣ ሰው፥ መቁረጡንና ማጣበቁን ጨርሶ ቀለም የሚቀባበት ሰዓት ሲደርስ፥ ወደደም ጠላም ከታሪክ ጋራ ይፋጠጣል። ቀለሙ ምን ነበር? ማን አዘዘው? በየትኛው ዓመት? ከተቀባ በኋላ ስንት ክረምት ዘነበበት? የሚያጥበው ሰውስ ነበረ ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይፈልግ ብሩሹን የሚያነሣ ሰው መጫወቻ ይሠራል እንጂ አምሳያ አይሠራም።

የአየርላንድን ባቡሮች፥ ይልቁንም የ1950ዎቹን፥ መሥራት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሲከታተል ከአንድ ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ያ ሰው መሐንዲስ ኦሊቨር ቡሊድ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተተረከው በነደፋቸው ሎኮሞቲቮች በኩል ነው። እኛ ግን እዚህ በቀለምና በእድፍ በኩል እንመለከተዋለን፤ የአንድ መሐንዲስ አሳብ ከንድፍ ጠረጴዛው ወርዶ ወደ ዓለም ሲገባ ምን እንደሚገጥመው፥ እንደ ቀለም አድርጎ የሚመሰክር ነገር የለምና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሊቨር ቮን ስኔል ቡሊድ የተወለደው በሴፕቴምበር 19 ቀን 1882 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው በኢንቨርካርጊል ከተማ ነው። ወላጆቹ ከብሪታንያ ፈልሰው የሄዱ ነበሩ። በ1889 አባቱ ሲሞት እናቱ ልጆችዋን ይዛ ወደ ዘመዶችዋ አገር ወደ ዌልስ ተመለሰች። ልጁም የ18 ዓመት ወጣት ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር በዶንካስተር ከተማ በነበረው በግሬት ኖርዘርን የምድር ባቡር ኩባንያ ፋብሪካ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በዚያ አለቃው ሄንሪ አይቫት ነበር። አይቫት ወደ ዶንካስተር ከመምጣቱ በፊት፥ በደብሊን ከተማ በኢንቺኮር የሚገኘውን የአየርላንድ ታላቅ የባቡር ፋብሪካ እስከ 1896 ድረስ ሲመራ የቆየ ሰው ነው። ቡሊድ በ1908 የአይቫትን ልጅ ማርጆሪን አገባ። እንዲህም ሆኖ አየርላንድ ገና ሳያውቃት በጋብቻ ዘመዱ ሆነች።

በዚያ ዘመን በብሪታንያ እያንዳንዱ ኩባንያ ሎኮሞቲቮቹን በራሱ መለያ ቀለም ያለብስ ነበር። የግሬት ኖርዘርን መለያ ደማቅ አረንጓዴ ሲሆን፥ የመንገደኛ ፉርጎዎቹ ከቲክ እንጨት ተሠርተው በቫርኒሽ የሚያብለጨልጩ ነበሩ። ነገር ግን ያ ሁሉ ውበት በራሱ የሚኖር አልነበረም። ከሎኮሞቲቭ ጋጣው ውስጥ ወጣት ጠራጊዎች ዘይት በጠጣ ጨርቅ ጥላሸቱን ሲያሹ ያድራሉ፤ ጠዋት ባቡሩ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይወጣል። የኩባንያውን ቀለም የሚያደንቅ መንገደኛ የሚያደንቀው፥ ሳያውቀው፥ የእነዚያን ልጆች እጅ ነው። ርካሽ ጉልበት እስካለ ድረስ አረንጓዴው ያበራል፤ ጉልበቱ የጠፋ ወይም የተወደደ ዕለት ግን ቀለሙን ጥላሸት ይውጠዋል። ቡሊድ በኋላ ዘመን ከሠራቸው ነገሮች ብዙዎቹ ለዚህ ችግር መልስ ለመስጠት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ቡሊድ በፈረንሳይ አገር ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ከሠራ በኋላ፥ በ1912 ወደ ዶንካስተር ተመልሶ የናይጀል ግሬዝሊ ረዳት ሆነ። ግሬዝሊ በ1938 የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰን ያስገኘችውን ማላርድን የነደፈ ታላቅ መሐንዲስ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎት በቀር፥ ቡሊድ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል በእርሱ ጥላ ሥር ሠራ። በ1937 ግን፥ በ55ኛ ዓመቱ፥ የሳዘርን የምድር ባቡር ኩባንያ ዋና መካኒካል መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። ሌላው ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ የእርሱ የፈጠራ ዘመን ገና ተጀመረ።

በሳዘርን የመጀመሪያ ሥራዎቹ መካከል አንዱ የቀለም ጉዳይ ነበር። ቀድሞ የነበረውን ጠቆር ያለ አረንጓዴ አስትቶ ማላካይት የተባለውን ደማቅ አረንጓዴ ከቢጫ መስመር ጋራ አስገባ። በ1941 የወጣው የመርቻንት ኔቪ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ደግሞ ጎኑ ሁሉ በለስላሳ ቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር። ሽፋኑ ለፍጥነት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሎኮሞቲቩ እንደ መንገደኛ ፉርጎ በማጠቢያ መኪና ውስጥ አልፎ በአንድ ጊዜ እንዲጸዳ፥ የጠራጊውም ልፋት እንዲቀር ታስቦ ነው። አሳቡ ያማረ ነበር። ሥራው ላይ ግን በሰንሰለት የሚንቀሳቀሰውና በተዘጋ የዘይት ገንዳ ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ዘይቱን እያፈሰሰ የቦይለሩን መሸፈኛ አራሰው፤ ብዙ ጊዜም እሳት ተነሣ። ጭሱም ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች እየተደፋ የነጂውን ዓይን ጋረደ። ከ1956 ጀምሮ 30ዎቹ መርቻንት ኔቪዎች ሁሉና ከ110 ታናናሾቻቸው 60ዎቹ ሽፋናቸው ተገፎ እንደገና ተሠሩ።

በጦርነቱ መካከል፥ በ1942፥ ኪው 1 የተባሉ 40 የዕቃ ሎኮሞቲቮች አወጣ። እነዚህ ጌጥ የሚባል ነገር የሌላቸው፥ ለብረት ቁጠባ ሲባል የማያስፈልገው ሁሉ የተነሣላቸውና ጥቁር የተቀቡ ነበሩ። መልካቸውን ያየ ሁሉ ሳቀባቸው፤ ጉልበታቸውን ያየ ግን ዝም አለ። በ1949 የወጣው ሊደር ግን ዕድለ ቢስ ሆነ። በሁለቱም ጫፍ የሚነዳ፥ ከሩቅ ሲያዩት የናፍጣ ባቡር የሚመስል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነበር። እሳት አንዳጁ ከመካከል በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ እየሠራ በሙቀት ተሠቃየ። ከታዘዙት 5 መካከል የተፈተነው አንዱ ብቻ ሲሆን ሥራው ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ባቡሮች የመንግሥት ሆነው ነበር፤ ቡሊድም በ67 ዓመቱ አገሩን ለቅቆ ወደ አየርላንድ ተሻገረ።

አየርላንድ ለእርሱ እንግዳ አገር አልነበረችም። በ1948 የአገሪቱን መጓጓዣ ከመረመረው ከሚልን ቡድን ጋራ ሠርቶ ነበር። ኮራስ ኢምፐር ኤረን የተባለው ብሔራዊ የመጓጓዣ ድርጅት በ1945 ተቋቁሞ፥ ከጁን 1 ቀን 1950 ጀምሮ የመንግሥት ንብረት ሆነ። ቡሊድም የዚህ ድርጅት ዋና መካኒካል መሐንዲስ ሆኖ በኢንቺኮር፥ ማለት አማቱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ይመራው በነበረው ፋብሪካ፥ ተቀመጠ። ያገኘው ንብረት ያረጀ ነበር። ከ1866 ጀምሮ ከተሠሩት የዕቃ ሎኮሞቲቮች ብዙዎቹ ገና ይጎትቱ ነበር። አገሪቱ የራስዋ የድንጋይ ከሰል እምብዛም ስለሌላት፥ በጦርነቱ ዘመን ጥሩው የእንግሊዝ ከሰል ሲቀርባት ባቡሮችዋ በየመንገዱ እየቆሙ መንገደኛው ብዙ ተጉላልቶ ነበር።

እዚህ ላይ አምሳያ ሠሪ ሊያስተውል የሚገባው ነገር አለ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሁሉ ጥቁር ይመስለናል። በአየርላንድ ግን ግሬት ሳዘርን የተባለው ኩባንያ ከ1925 ጀምሮ ሎኮሞቲቮቹን አመድማ ይቀባ ነበር፤ ተተኪው ድርጅትም ብዙዎቹን በዚሁ ቀለም አቆያቸው። አረንጓዴ የለበሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም በ1939 እና በ1940 የተሠሩት፥ በጥንት የአየርላንድ ንግሥቶች ስም የተጠሩት ሦስት ታላላቅ ሎኮሞቲቮች ይገኙባቸዋል። አመድማው ቀለም በጥላሸት፥ በዘይትና በቦይለር ውሃ ኖራ ሲለወስ፥ ጥቁር ነው ወይስ ቡናማ ለማለት ያስቸግራል። የመንገደኛ ፉርጎዎቹ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ቀጫጭን የነጣ አረንጓዴ መስመር ነበራቸው። በላያቸው የነበረውን ባለ ክንፍ ምልክት ሕዝቡ በቀልድ በራሪው ቀንድ አውጣ ብሎታል።

በ1955 ይህ ሁሉ መለወጥ ጀመረ። ድርጅቱ ከእንግሊዙ ከሜትሮፖሊታን ቪከርስ ኩባንያ 94 የናፍጣ ሎኮሞቲቮች አዘዘ፤ 60ዎቹ ባለ 1,200 የፈረስ ጉልበት፥ 34ቱ ደግሞ አነስተኞች ነበሩ። ሲመጡ አመድማም አረንጓዴም አልነበሩም። ከራስ እስከ እግር፥ የመንኰራኵር ማቀፊያቸው ሳይቀር፥ ብር ለብሰው መጡ። በቡሊድ የሹመት ዘመን ከተሠሩት አዳዲስ ፉርጎዎች ብዙዎቹም በብር መልክ ወጡ፤ ሕዝቡ የቆርቆሮ ፉርጎ ያላቸው የዕቃና የማሞቂያ ፉርጎዎች ደግሞ ጭራሽ ሳይቀቡ በብረታቸው መልክ ተተዉ። የአሳቡ ሥር ቁጠባ ነው። የማይዝግ ብረት ቀለም ምን ያደርግለታል? ቀለም ከሌለ ቀቢ አያስፈልግም፤ የሚላጥም ነገር አይኖርም። እንፋሎት ከቀረ ደግሞ ጥላሸት ይቀራል፤ ጥላሸት ከቀረ እድፍ ከየት ይመጣል?

እድፍ ግን መምጫ አላጣም። የሎኮሞቲቮቹ ክሮስሊ ሞተር ብዙ ጭስ የሚተፋና ዘይት የሚያንጠባጥብ ነበር። ጭሱ በጣራው ላይ ተኛ። ከሐዲድና ከፍሬን የሚነሣው የብረት ብናኝ ከታች ተነሥቶ ጎኑን ቡናማ አደረገው። የአየርላንድ ዝናብ ደግሞ ሁለቱን እያዋሐደ ከጣራ ወደ ታች በመስመር በመስመር አወረደው። በአመድማው ሎኮሞቲቭ ላይ ማንም ልብ የማይለው እድፍ በብሩ ላይ እንደ ነጭ ሸማ ነጠብጣብ ጎልቶ ታየ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ድርጅቱ ሎኮሞቲቮቹን አረንጓዴ ይቀባቸው ጀመር። ከ1961 ወዲያ ደግሞ ጥቁርና ብርቱካን የመሰለ ቡናማ ከነጭ መቀነት ጋራ አለበሳቸው፤ ጥቁሩ ክፍል እድፉን የሚሸሽግ ነበርና ብዙ ዘመን ኖረ።

እንግዲህ ይህን ሎኮሞቲቭ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ዓመቱን ይወስን። የ1955 ከሆነ ብሩ ንጹሕ ይሁን፤ ነገር ግን እንደ መስታወት አያብለጭልጭ። ነገር ባነሰ ቍጥር ብርሃኑም መቀነስ አለበትና፥ በብሩ ላይ ጥቂት አመድማ መቀላቀል ይሻላል። የ1957 ከሆነ ጣራው ይጥቈር፥ የታችኛው ጎን ወደ ዝገት መልክ ያድላ፥ መካከሉም ይደብዝዝ። በየሥፍራው እኩል የተረጨ እድፍ ሐሰት ነው። እድፍ ምንጭና መንገድ አለው፤ ከጭስ መውጫው ይጀምራል፥ የውሃን መውረጃ ይከተላል፥ የሰው እጅና እግር በሚነካው በመወጣጫውና በበሩ ዙሪያ ይለያል። የአየርላንድ ሐዲድ ስፋትም 1,600 ሚሊሜትር ስለሆነ፥ በ76 ሲካፈል 21 ሚሊሜትር ይመጣል። በገበያ የሚገኘው 16 ተኩል ሚሊሜትር ሐዲድ ለአየርላንድ ጠባብ መሆኑን ዐውቆ መምረጥ የሠሪው ፈንታ ነው።

የቡሊድ የመጨረሻ ፈጠራ በ1957 ከኢንቺኮር ወጣ። ይህም አየርላንድ በብዛት ያላትን፥ ከረግረግ ተቆፍሮ በፀሐይና በነፋስ ደርቆ የሚነደውን አፈር የሚያነድ ሎኮሞቲቭ ነበር። የውጭ አገር ከሰል ሲቀር ባቡር የማይቆምበትን መንገድ መፈለጉ ነው። ነገር ግን የናፍጣው ዘመን ቀድሞት ስለ ነበር ከሙከራ አልፎ ለመደበኛ ሥራ አልበቃም፤ በ1960ዎቹም ተሰባበረ። ቡሊድ በ1958 በ75 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ጥቂት ዘመን በእንግሊዝ በዴቨን ከተቀመጠ በኋላ ወደ ማልታ ደሴት ሄደ፤ በዚያም በአፕሪል 1970 በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

ስለዚህ ሰው ፍርዱ እንዴት ይሁን? ያሰበው እንዳሰበው ያልሆነለት ብዙ ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። ነገር ግን በአየርላንድ የእንፋሎት ዘመን በ1963 ሲያከትም፥ ባቡሩ ሳይቆም የቀጠለው እርሱ ባስመጣቸው ሎኮሞቲቮች ጭምር ነው። መጥፎው ሞተራቸው ከ1968 ጀምሮ በጄኔራል ሞተርስ ሞተር ተተካ፤ አካላቸው ግን እስከ 1990ዎቹ ድረስ አገሪቱን አገለገለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ብር፥ አረንጓዴ፥ ጥቁር፥ በመጨረሻም ብርቱካን ለብሰዋል። ብሩ ጥቂት ዓመት ኖረ፤ ከብሩ በታች ያለው ሥራ ግን 40 ዓመት።

ነገ በየሙያችን ንድፍ የምንነድፍ ሁሉ ከዚህ ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቡሊድ የጠራጊውንና የቀቢውን ድካም ለማስቀረት ከልቡ ተጣጥሯል፤ ነገር ግን የአንዳጁን ክፍል ሙቀትና የብሩን ፉርጎ እድፍ የቻሉት ንድፉን ሲነድፍ አጠገቡ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። አምሳያ ሠሪው በትንሿ ብሩሹ ጫፍ ከጭስ መውጫው ሥር ጥቁር ነጥብ ሲያኖር፥ መሐንዲሱን ማዋረዱ አይደለም። ንድፉ የማያሳየውን፥ የዝናቡንና የሠራተኛውን ድርሻ፥ በቦታው መመለሱ ነው።