የወንዝ ዳሩ ሊቅ፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ

እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች ወንዝ ወርደው ልብሳቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ፣ አንድ ወጣት ተመራማሪ ከማጠቢያው ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከማጠቢያው በላይ የነበሩት ግን በሕይወት ነበሩ። ይህን ልዩነት ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት አክሊሉ፣ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው የአንጀት ብልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል እንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ በውሃው ውስጥ የሚፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ከተራባ በኋላ ወጥቶ፣ ውሃ የነካውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በሽታው ሲቆይ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ሞት የበሽታው ሰንሰለት መበጠስ ነው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች በእንዶድ በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የታየው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም የእንዶድ ደኅንነት በውጭ ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ በመጠየቁ፣ ግኝቱ ለዓመታት በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። እርሳቸው ግን የአፍሪካን ችግር አፍሪካውያን በራሳቸው ምርምር መፍታት ይችላሉ ከሚለው እምነታቸው ፈቀቅ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1997 አረፉ።

የሥራቸው ትምህርት ዛሬም ይጠቅማል። በአል ባርሻና በሌሎች የኤምሬትስ አካባቢዎች የሚኖሩ ወገኖች ለዕረፍት አገር ቤት ሲገቡ፣ በሽታው ባለበት አካባቢ በወንዝና በሐይቅ ዳርቻ ከመዋኘትና ከመታጠብ ቢቆጠቡ ይበጃል፤ ውሃን አፍልቶ መጠጣት ብቻውን ቆዳን አይጠብቅምና። በመጸዳጃ ቤት መጠቀምም የወንዙን ውሃ ከእንቁላሉ ይጠብቃል። እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን እንጂ በሰው ውስጥ ያለውን ትል አይደለም፤ መጠጣቱም አደገኛ ነው። የተጠራጠረ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ቢመረመር፣ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይፈውሰዋል።