ኢልያ መችኒኮቭ

ኢልያ መችኒኮቭ (እ.ኤ.አ. 1845–1916) በዛሬይቱ ዩክሬን በካርኪቭ አካባቢ የተወለደ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበር። ሰውነት ሲቆስል ስለሚታየው ብግነት፣ ማለትም ስለ ቁስል መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ማመም፣ የነበረውን አስተሳሰብ የለወጠ ሰው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ሚስቱ ሉድሚላ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተርፏል። በ1882 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን የፕሮፌሰርነት ሥራ ለቀቀና ከሁለተኛ ሚስቱ ከኦልጋ ጋር በሲሲሊ ደሴት ወደምትገኘው መሲና ሄደ። አንድ ቀን ቤተሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄድ እሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነበር። የእጩ ገላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሰውነትን ከባዕድ ነገር ይከላከሉ ይሆን ብሎ ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ሕዋሳቱ እሾሁን ከብበውት አገኘ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በዘመኑ ብግነት በዋናነት የደም ሥሮች ጉዳት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችን በሰውነት ውስጥ ያዛምታሉ ብለው የሚያስቡ ሐኪሞችም ብዙ ነበሩ። የባሕር ኮከብ እጭ ግን የደም ሥር የለውም። ስለዚህ መችኒኮቭ የብግነት ዋና ነገር የሕዋሳቱ መከላከል ነው፣ የደም ሥሮች ድርሻ ሕዋሳቱን ወደ ቁስሉ ማድረስ ነው ብሎ ደመደመ። ሕዋሳቱ «ፋጎሳይት» ተባሉ፤ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን «በላተኛ ሕዋስ» እንደማለት ነው።

በተለይ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች መከላከያው በደም ፈሳሽ ውስጥ ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙት። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። መችኒኮቭ ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ ፓስተር ተቋም እየሠራ፣ በ1892 ስለ ብግነት የሰጣቸውን ትምህርቶች በመጽሐፍ አሳተመ። በ1908 የኖቤል ሽልማትን የደም ፈሳሹን ወገን ከሚደግፈው ከፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ፤ ሁለቱም በከፊል ትክክል ነበሩ።

መችኒኮቭ «ማክሮፋጅ» ብሎ የሰየማቸው ትልልቅ ሕዋሳት ከመብላት ያለፈ ሥራ እንዳላቸው የታወቀው በኋላ ነው። ፍርስራሹንና የሞቱትን ሕዋሳት ካጸዱ በኋላ አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር እንዲያድግ የሚያደርጉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ቁስሉን ያስቆጡት ሕዋሳት መልሰው እንዲድን ያግዛሉ ማለት ነው።

በስተርጅናው እርጎ ዕድሜ ያረዝማል ብሎ በየቀኑ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። በ1916 በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ፤ አመዱም በፓስተር ተቋም ተቀመጠ።